የአባባ የቁም ተዝካር

ለምወድሽ አክስቴ፤

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ኃጢአተኛዋ የወንድምሽ ልጅ፣ በዚህ በተከበረው በዐቢይ ጾም፣ ለተዝካር ተነጥሮ በማሰሮ ከተቀመጠው ቅቤ ላይ ጣቴን ሰድጄ ቀምሻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ እንዳልምል ሁለተኛ ኃጢአት ይሆንብኛል። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቢሰሙ ስግደቱን እስከ ሰኔ አያስጨርሱኝምና፣ ነገሩ በአንቺና በእኔ መካከል ይቅር። ጣቴ ግን እስካሁን ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፤ ቅጣቱ ይሄ ከሆነ አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

እንግዲህ ወደ ሰላምታው። እንዴት ከርመሻል? ሐዋሳ እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ‘አንቱ’ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ባለፈው በስልክ ‘አንቱ ካልሽኝ ስልኩን እዘጋዋለሁ’ ስላልሽኝ ወረቀቱን ቀድጄ በ‘አንቺ’ ጀመርኩ። እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። አባቴና እናቴ ደህና ናቸው፤ ላሚቱም ወልዳለች። አባባም፣ አባትሽ፣ ደህና ናቸው።

ይቺን የመጨረሻዋን ደግመሽ አንብቢልኝ። አባባ ደህና ናቸው፤ በሕይወት አሉ። ይሄን ስጽፍልሽ ከጠላው ጋን አጠገብ ቆመው እትዬ አስካለ ማርያምን፣ ጎረቤታችንን፣ ‘ይሄ ጌሾ በማን ትእዛዝ ወጣ?’ እያሉ ይመረምሯታል። እሷም ‘በራሴ ትእዛዝ፤ ጠላ ስጠነስስ መቼም ወረቀት አላስፈርም’ ትላቸዋለች። ስለዚህ ሞቱ የሚል ወሬ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ሐዋሳ ከደረሰ፣ ውሸት ነው። ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ስልኬን አባባ ‘ለምርመራ’ ወስደውብኛል። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ደብዳቤውን የእትዬ አስካለ ልጅ መልካሙ ሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ በእጅሽ ያደርስልሻል። አደራ፣ እራት አብይው፤ ቤተኛ ነው፣ አያፍርም።

ነገሩ የተጀመረው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ሲያበቁ አባባ ወንበር ስበው ከፊታቸው ተቀመጡና፣ ‘አባ፣ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው’ አሏቸው። ቄሱ ደስ አላቸው። ‘መልካም አሰቡ ኮሎኔል። በቁሙ ያወጣ ሰው ለነፍሱ ስንቅ አስቀደመ ማለት ነው’ አሉ። ስንቅ የሚለውን ቃል ለአባባ መንገር ለንብ አበባ ማሳየት ነው፤ ወንበራቸውን ጭራሽ አስጠጉ።

ከዚያ የጠየቋቸው ግን ስለ ነፍስ አልነበረም። ‘የቁም ተዝካር ከሞት በኋላ ካለው ተዝካር እኩል ይቆጠራል ወይ?’ አሉ። ቄሱም ‘እኩል ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል’ አሏቸው። አባባ አልበቃቸውም። ‘ቤተ ክርስቲያን እንደ ተዝካር ትቆጥረዋለች፤ ዘመድስ? ዘመድም እንደ ተዝካር የመቁጠር ግዴታ አለበት?’ ቄሱ ትንሽ አሰቡና፣ ‘ዘመድማ ጠላና ሥጋ ከቀረበለት ማንኛውንም ነገር ተዝካር ነው ብሎ ይቀበላል’ አሉ። አባባ አልሳቁም። ሌላ ቀንም ቅዳሴ ሲወጣ ይሄንኑ ጠየቋቸው። ሌላ ቀንም። ቄስ ገብረ ኢየሱስ በመጨረሻው እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ ‘ልጄ፣ አያትሽ የሚከሱት ሰው አለ እንዴ? ምስክር የሚያደርጉኝ መሰለኝ’ አሉኝ።

ቀኑ ለግንቦት ሚካኤል ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም፣ ግምጃ ቤት ነው። ማለዳ በፊሽካ እንነሣለን። ማድቤቱ ‘አንደኛ መጋዘን’ ተብሏል፤ ጎተራው ሁለተኛ። እኔ ከማድቤት ጀርባ የተሰጣውን በርበሬ ከዶሮ እጠብቃለሁ፤ ሥራዬ ‘ዘብ’ ይባላል። ወንበርና መጽሐፍ ተፈቅዶልኛል፤ መተኛት አልተፈቀደም። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ቢያገኙኝ ‘የጠላት ዶሮ ሰርጎ ገብቷል’ አሉ፤ አልሳቁም፤ መቼም አይስቁ። እትዬ አስካለ ‘እኔ የአንድ ቀን ድግስ እደግሳለሁ ብዬ ገባሁ እንጂ ለሠራዊት ተቀጠርኩ አላልኩም’ ስትል፣ ‘የተመዘገብሽው በፈቃድሽ ነው’ ይሏታል።

እኔ ደግሞ ከዘብነቴ ሌላ ጸሐፊ ተደርጌአለሁ። ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበብ የለ፣ አባባ የራሳቸውን ቆመው ማዳመጥ ይፈልጋሉ። ‘ሙት አያርም፤ እኔ ግን ስሕተት ካለ አርማለሁ’ አሉ። እንዲህ ሆነልሽ፦ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግቢውን ከዳር እዳር ይመላለሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

‘ኮሎኔል ያረጋል በቋሪት ከደጋ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ።’ ይሄ እውነት ነው፤ ኮሎኔል የሚለው ላይ ግን ከፊቱ ‘ሌተና’ የሚባል ነገር ነበረ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱን አገሩ በሙሉ ረስቶላቸዋል፣ እሳቸውም አያስታውሱ። ‘ዳዊት ደግመው፣ ለዲቁና ሲማሩ ሳሉ፣ ለአገር ጥሪ ምላሽ ሰጡ።’ አባቴ እንደነገረኝ ግን የየኔታን ምሳ በልተው፣ ዱላው ሲመጣ በአጥር ዘለው፣ በዚያው ወታደር ሆኑ። የየኔታ ዱላ የአገር ጥሪ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ሆለታ ሠለጠኑ። አሥመራ ሄዱ፣ ኦጋዴን ሄዱ፣ ምፅዋ ከረሙ። ስንት ጊዜ ተኮሱ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‘እኔ የማበላው ሰው ነው የሚተኩሰው’ አሉኝ። መንገድ ተዘግቶ ሳለ ለአንድ ክፍለ ጦር ዱቄት ያሳለፉበትን ታሪክ ብቻ ሦስት ገጽ አስጻፉኝ። ድርቆሽ እንዳይሻግት ጆንያው በምን እንደሚሸፈን ግማሽ ገጽ። የሴት አያቴ፣ የእናትሽ፣ ድርሻ አንድ መስመር ነው፦ ‘በሕግ ጋብቻ ከወይዘሮ ያምሮት ጋር ተጋቡ።’ ይሄ ብቻ ነው ብላቸው፣ ‘ምን ይጨመራል? ተጋባን’ አሉ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ቡሬ መግባታቸው ላይ ስንደርስ፣ ‘እስከ ባድመ ጦርነት ያለውን ዝለይው’ አሉ። ሰባት ዓመት ነው እኮ ምን ሠሩ አልኳቸው። ‘ምንም። ግዳጅ አልነበረም።’ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም? ‘ልጅ፣ ጻፊ ያልኩሽን ጻፊ።’ ‘ግዳጅ አልነበረም’ ብዬ ጻፍኩና ዘለልኩ። ከዚያ በባድመ ጊዜ ተጠርተው መመለሳቸው፣ በኋላም በመከላከያ ሚኒስቴር የስንቅ አቅርቦት ኃላፊ ሆነው እስከ ጡረታ መቆየታቸው፣ ከዚያ ሽልማቱ፣ ምስክር ወረቀቱ። በመጨረሻ ‘የሁለት ልጆች አባት ናቸው’ አሉ። ስማቸውን ልጻፍ? ‘የወንዱን ጻፊ። ለሴቷ ቦታ ተይላት።’ ምን ያህል ቦታ? ‘በቂ።’

አክስቴ፣ በቂ ማለት ስንት መስመር እንደሆነ ስላላወቅሁ ግማሽ ገጽ ባዶ ተውኩልሽ።

ታሪኩን ዳስ ውስጥ በትልቁ ታትሞ እንዲሰቀል ስለፈለጉ፣ እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም ተላክሁ። እዚያ አንድ ፎቶና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ልጁ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ የማዕረግ ልብስ የለበሱበትን ፎቶ ተቀበለኝ፣ አንገቱን ነቀነቀና ‘ነገ ጠዋት ውሰጂ’ አለኝ። እኔ ሞተዋል አላልኩም። አልሞቱምም አላልኩም፤ ማን ጠየቀኝ? የሕይወት ታሪክ፣ የተዝካር ቀን፣ ፎቶ፤ ያቺን ሁሉ ያየ የፍኖተ ሰላም ልጅ ሌላ ምን ያስብ? ፎቶውን በጥቁር ሪባን ከበበው፣ በግራ በቀኝ ሻማ ተከለበት፣ ከላይ ‘ነፍስ ይማር’ ጨመረበት። ሳምፕሉን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አደረ። በፌስቡክም ለጠፈው። እኔም ጠዋት ስደርስ ሳቄ ገድሎኝ በስልኬ አንሥቼ ለአንድ ጓደኛዬ ላክሁላት፤ እሷ ላንዱ ላከች። ስልኬ የታሰረው በዚህ ወንጀል ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ደጅ ፊታቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከመንገድ በኩል ‘ወንድሜን፣ ወንድሜን’ የሚል ጩኸት መጣ። የቋሪት ዘመድ በሙሉ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቷል። ከፊት እማማ ወለተ ሥላሴ፤ የአባባ የአጎት ልጅ፣ ያገሩ አልቃሽ። ሌሎቹ በሩ ላይ አባባን ከነሳሙናቸው ሲያዩ እንደ ተተከለ እንጨት ቆሙ። እማማ ወለተ ሥላሴ ግን ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለዋል፤ ምንም አላዩ፤ መሐል ግቢ ገብተው ደረታቸውን እየደቁ አወጡት፦

ለሺህ ሰው ሲሰፍር ስንቅ ሲጭን ኖሮ፣
ባዶ እጁን ሄደ አሉ ለራሱ ምን ቋጥሮ።

ማንም አላስቆማቸውም። አባባ ሳሙናው ጉንጫቸው ላይ እየደረቀ ሰሙ። ከዚያ በዝግታ ‘እስቲ ያቺን ይድገሙልኝ’ አሏቸው። እማማ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩዋቸው። ‘አንተ፣ አልሞትክም እንዴ?’ አሉ። ‘ገና ነኝ።’ ‘ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ ጫንቃ ላይ አንጠልጥለህ ታስለቅሰኛለህ? ጉልበቴ እኮ የራሴ ነው።’ እንዲህ ብለው ቁጭ አሉና አሁን ለጉልበታቸው አለቀሱ።

እትዬ አስካለ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‘ሞተም አልሞተ፣ ለቀስተኛ ንፍሮ ሳይቀምስ አይመለስም’ ብላ ባቄላና ስንዴውን ጣደች። አባባ የራሳቸውን ለቅሶ ንፍሮ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው ዘገኑ። ‘ለዚህ ሁሉ ሰው ይሄ አይበቃም’ ማለታቸው አልቀረም። እየዘገኑም ጠየቁ። ‘ወሬው እስከ የት ደረሰ?’ ደንበጫ ደርሷል አሉ፤ መራዊ ደርሷል፤ ባሕር ዳር የደወለ አለ። ‘ከዚያ ወዲያስ?’ እማማ ወለተ ሥላሴ፣ ‘ከዚያ ወዲያ ምን ዘመድ አለህ?’ አሏቸው። አባባ ተነሥተው፣ የታጠቡትን ፊት ደግመው ታጠቡ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ከሰዓት ወደ በርበሬው መጡ። ዛሬ የወሬው ቅጣት መጣ ብዬ ተነሣሁ። ‘ተቀመጪ፤ ወረቀቱን አምጪ’ አሉ። የዚያን ቀን አልተመላለሱም፤ ጆንያው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ‘ግዳጅ አልነበረም የሚለውን ሰርዢ’ አሉኝ። ሰረዝኩ። ከዚያ ጻፊ አሉኝ፦ ቡሬ ገበያ በጋሪ በርበሬ አመላለሱ። እናትሽ ገበያ ውላ ስትመጣ ራት ያደርሱ ነበር፤ ሽሮው ይጓጉል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴት ልጃቸውን ጋሪው ላይ ከበርበሬው ጆንያ መሐል ቁጭ አድርገው ትምህርት ቤት ያደርሱ ነበር፤ ክፍል ገብታ ስታስነጥስ ልጁ ሁሉ ያስነጥስ ነበር። ጸጉሯን ይሠሩ ነበር። እኔ እዚህ ላይ ብዕሬን አቆምኩ። እርስዎ? ሹሩባ? ‘ሹሩባ አላውቅ። የመኪና ሸራ የሚታሰርበትን ቋጠሮ ነው የማውቅ። ሳምንት አይፈታም’ አሉ።

እውነት ነው እንዴ አክስቴ? ራስሽን ያመሽ ነበር?

ብዙ አወሩ። ግማሽ ገጹ ሞላ፤ ከጀርባውም ጻፍኩ። በመጨረሻ ‘ይሄ ለሕዝብ የሚነበብ ነገር ነው?’ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔን፣ ዘቧን። እኔም ደፈርኩና፣ የድርቆሹ ግማሽ ገጽ ቢወጣ ቦታ ይኖረዋል አልኳቸው። ‘ድርቆሹን አሳጥሪው’ አሉ። አባባ የሠራዊቱን ድርቆሽ አሳጠሩ ብልሽ አባቴም አያምነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽና ልጅ ናት ብለሽ እለፊኝ። በስልክ ስናወራ የሁሉን ደህንነት ትጠይቂኛለሽ፤ የላሚቱን፣ የእትዬ አስካለን፣ የመልካሙን ፈተና። እሳቸውን ዘለሽ። እኔም ዘልዬ እመልስልሻለሁ። ለምን እንደሆነ አባቴ አምና ነግሮኛል። እናትሽ የሞተች ጊዜ እሳቸው ጦር ሜዳ ስንቅ እያስጫኑ ነበር። ለቀብሩ አልደረሱም። ከአርባው በኋላ መጥተው፣ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሞ ጠበቃቸው። አንቺም ያኔ እንደ እኔ ያለሽ ልጅ ነበርሽ። ልብስሽን በነጠላ ቋጥረሽ ወደ እናትሽ ዘመዶች ስትወጪ፣ በሩ ላይ ዞር ብለሽ፣ ‘ከእንግዲህ ይሄን ደጅ የምረግጠው ለተዝካርህ ነው’ አልሽ። ማልሽም። አባቴ እንዳለው ከሆነ እሳቸው መኪናው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

እኔ ትክክል ነሽ ወይም አይደለሽም አልልም። አያቴን አላውቃትም፤ ያልቀበራትን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው፤ ፊሽካ ይነፋብኛል። መሐላ መሐላ ነው፤ ቄስ ገብረ ኢየሱስም መሐላ አፍርሱ የሚል ቃል የለም ይላሉ። እኔ ዝም ብዬ የማውቀውን ብቻ ነው የምነግርሽ፦ የግንቦት ሚካኤል ዕለት እዚህ ቤት ተዝካር አለ። ዳስ ይጣላል፤ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ እኔ የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንደ ተዝካር ትቆጥረዋለች። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ እንደዚያው ተብሏል።

እንግዲህ አክስቴ፣ የሐዋሳው ገብርኤል ይጠብቅሽ፤ ወገብሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እኔንም ቅቤውን ሳልጨርስ ፋሲካ ላይ ያድርሰኝ። ይሄን ብዬ ልፈርም ስል ከጀርባዬ ‘ፍሬሕይወት’ የሚል ድምፅ መጣ።

ቀና ስል አባባ ናቸው። በርበሬው ላይ ሁለት ዶሮ ወጥቶ ይጭራል፤ እኔ አላየሁ። ወረቀቱን ከጉልበቴ ሥር ላደርግ ብል ‘አይቼዋለሁ’ አሉ። ‘ለማን ነው?’ ለአክስቴ አልኩ። የሚሆን ውሸት አልተገኘልኝም። ዶሮዎቹን አላባረሩም። አላነበቡትም። ቆሙ፣ ቆሙና፦

‘ጻፊ’ አሉኝ። ‘ከሐዋሳ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ተነሥታ አዲስ አበባ ትደር። በማለዳው መኪና ትሳፈር፤ ዓባይ በረሃ ቀትር እንዳይይዛት። ግራ ወንበር ትያዝ፤ የጠዋቱ ፀሐይ በቀኝ ነው። ውሃ ከዚያው ትያዝ፤ ጎሃ ጽዮን ላይ አይገዛም፣ ይሞቃል። ግንቦት ላይ ዝናብ ከጣለ ከደጀን ወዲህ መኪና ይዘገያልና አትሥጋ። ደብረ ማርቆስ ምሳ ትብላ። ሰው ይቀበላታል።’ 

ማን ይቀበልሻል ብዬ ልጻፍላት አልኳቸው። ወደ መንገዱ እያዩ፣ ‘ከማርቆስ የሚነሣው በስንት ሰዓት ነው ቡሬ መናኸሪያ የሚገባ?’ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ‘ማወቅ አለብን’ ብለው ሄዱ።

የነገሩኝን አንድ ሳልቀንስ ጽፌልሻለሁ። ግንቦት ገና ነው፤ ጾሙም አልተፈታ። እሳቸው ግን አሁን ከውስጥ ሆነው እየጠሩኝ ነው፦ ‘ፍሬሕይወት፣ የጫማ ቀለሙን የት አደረግሽው?’

የወንድምሽ ልጅ